ለረጅሙ የድሮ ሩዝ ዩሪያ መቼ ይበተን? በምላጭ አይቶ የመወሰን ዘዴ

የዛሬ ሦስት ዓመት ጳጉሜ ላይ የእኔ ሩዝ በአካባቢው አንደኛ ነበር። በመልኩ ማለቴ ነው። ከጅማ በሸቤ በኩል ወደ ጎጀብ ሲወረድ ካለው ረባዳ መሬት ሩብ ሄክታር ያህል ረጅም የድሮ ዘር ዘርቼ፣ "በ35 ቀኑ ዩሪያ ስጠው" የሚል ምክር ሰምቼ፣ ቀኑን ሳላዛንፍ በትኜ ነበር። ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ቅጠሉ ተንዘረፈፈ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ዛላው ወጥቶ ገና ፍሬ መያዝ ሲጀምር አንድ ማታ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ጠዋት ስሄድ ማሳው እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። የጋሸበ ሰብል አይቶ የማያውቅ ሰው "የዋጋ ግሽበት" የሚባለው ቃል ከየት እንደመጣ እዚያ ማሳ ውስጥ ቢቆም ይገባው ነበር።

አጠገቤ ያለው የሽማግሌው ጎረቤቴ ሩዝ ግን ቆሟል። ያው ዘር ነው፣ ዘሩን ራሱ ከእሳቸው ነው የወሰድኩት። "ኦቦ፣ የእርስዎ እንዴት ቆመ?" አልኳቸው። "አንተ ሳይርበው አጎረስከው" አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። እሳቸውም ዩሪያ ሰጥተዋል። ግን ትንሽ፣ ያውም መስከረም ላይ።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ተከታትዬዋለሁ። በብዙ መመሪያ ላይ የሚነገረው የዩሪያ ጊዜ የተሠራው ለአጫጭርና ቶሎ ለሚደርሱ የተሻሻሉ ዝርያዎች ነው። ረጅሙና ዘግይቶ የሚደርሰው የድሮ ሩዝ ሌላ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። እኔ አሁን የምሠራበትን አካሄድ ከነምክንያቱ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ፦ የያዛችሁት ሩዝ የትኛው ነው?

የዘሩን ስም እርሱት። ስም ከገበያ ገበያ ይቀያየራል፤ አንድ ቦታ "ኔሪካ" ተብሎ የተሸጠ ዘር ሌላ ሆኖ ሲበቅል አይቻለሁ። ሦስት ነገር ብቻ እዩ።

አንደኛው ቁመቱ ነው። ዛላው ከወጣ በኋላ ሩዙ ውስጥ ቁሙ። ከወገባችሁ ብዙም የማያልፍ፣ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ከሆነ ከአጫጭሮቹ ጋር መድቡት። ደረታችሁ ላይ ከደረሰ፣ ማለትም 130 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ሁለተኛው ቅጠሉ ነው። የአጭሩ ሩዝ ቅጠል እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የረጅሙ ይንዘረፈፋል። ሦስተኛው ከዘር እስከ አጨዳ የሚፈጅበት ቀን ነው። 110 ቀን ገደማ የሚበቃው አጭር ነው፣ 150 እና ከዚያ በላይ የሚፈልገው ረጅም ነው።

ዘሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትዘሩት ከሆነ የሰጣችሁን ሰው ጠይቁት። "አምና መቼ ዘራህ፣ ዛላው መቼ ወጣ፣ መቼ አጨድክ?" ሦስቱን ቀን ጻፏቸው። በኋላ እንደ ወርቅ ነው የምትፈልጓቸው።

ለምንድነው ቶሎ ሲሰጠው የሚበላሸው?

ይህን ክፍል መዝለል ይቻላል። እኔ ግን ምክንያቱ ሳይገባኝ በፊት ትዕግሥት አልነበረኝም፣ ለዚህ ነው የማስገባው።

ሩዝ ከበቀለ በኋላ ከአንዱ ግንድ ስር ሌላ ግንድ፣ ከዚያም ሌላ እያወጣ ይበዛል። ግንድ ማብዛቱ ሲያበቃ አጫጭሮቹ ዝርያዎች ወዲያው ወደ ዛላ ሥራ ይገባሉ። ረጅሙ ግን አይገባም። መሐል ላይ ለሳምንታት የሚቆይበት ጊዜ አለው። ዝም ብሎ ቅጠል ይጨምራል፣ ቁመት ይጨምራል፣ ዛላ ለመሥራት ግን አልተነሳም። ለአጭሩ በተጻፈው ቀን የምትበትኑት ዩሪያ አርፎ የሚወድቀው እዚህ ስራ ፈት ጊዜ ላይ ነው። ተክሉ ምን ያደርግበታል? ግንድ ያበዛል፣ አብዛኛው ዛላ ሳይይዝ የሚቀር ግንድ። ቅጠሉ ይረዝምና የላይኛው የታችኛውን ይጋርዳል። ፀሐይ ያጣው የታችኛው የግንድ ክፍል ይመዘዛል፣ ይቀጥናል። ከዚያ የሚጠብቀው አንድ ሌሊት ነፋስ ብቻ ነው።

ይህ የእኔ ማሳ ብቻ ታሪክ አይደለም። ፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም በ1966 (በፈረንጆቹ) አይአር 8 የተባለውን አጭር ሩዝ ሲያወጣ ዋናው ነገር ይኸው ነበር። አንዱ ወላጁ ፔታ የሚባል ረጅም ሩዝ ነው። ናይትሮጅን፣ ማለትም ዩሪያ ውስጥ ያለው ምግብ፣ ሲጨመርለት ፔታ ይጋሽብና ምርቱ ይቀንሳል፤ አይአር 8 ግን አጭር ግንዱ ስለሚችለው ምርቱ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የመጡት የማዳበሪያ መመሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለአጫጭሮቹ መሆናቸው አይገርምም።

ጃፓኖች ደግሞ ኮሺሂካሪ የሚሉት የሚወዱት ሩዝ አላቸው። ጣዕሙ ተወዳጅ ነው፣ ግን ቶሎ ይጋሽባል። ዘሩን አልተዉትም። ያደረጉት የዛላውን ማዳበሪያ ማዘግየት ነው፣ ውስጥ ያለው ጨቅላ ዛላ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ይታገሳሉ። የታችኛው ግንድ የሚመዘዝበት ጊዜ አልፎ ነው የሚሰጡት ማለት ነው። ጎረቤቴ ኮሺሂካሪን ሰምተው አያውቁም፣ ግን ያው ነገር ነው የሚያደርጉት።

ቀኑን ከአጨዳ ወደኋላ ቁጠሩ

ሞቃት ቦታ ላይ ሩዝ የዛላ ሥራ ከጀመረበት እስኪያብብ 35 ቀን ገደማ፣ ካበበ እስኪደርስ ደግሞ 30 ቀን ገደማ ይወስዳል። ይህ ለአጭሩም ለረጅሙም ብዙ አይለያይም። የሚለያየው ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ከአጨዳው ቀን 65 ወደኋላ ብትቆጥሩ ዛላው ውስጥ ውስጡን የሚጀምርበትን ቀን ታገኛላችሁ።

በእኛ አቆጣጠር እንሥራው። ሁለት ሩዝ ሰኔ 10 ተዘራ እንበል።

የ110 ቀኑ፦ 110 ሲቀነስ 65፣ 45 ይሆናል። ከሰኔ 10 በኋላ 45ኛው ቀን ሐምሌ 25 ነው።

የ150 ቀኑ፦ 150 ሲቀነስ 65፣ 85 ነው። ቁጠሩት፤ ሐምሌ 10፣ ነሐሴ 10፣ ነሐሴ 30፣ ከዚያ አምስቱ የጳጉሜ ቀናት። ጳጉሜ 5 ላይ አረፈ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ።

በአንድ ቀን ተዘርተው 40 ቀን ተራራቁ። እኔ ታዲያ በ35ኛው ቀን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነበር የበተንኩት። ሩዜ ገና ሃምሳ ቀን የሚቀረውን ድግስ ነው ቀድሜ የደገስኩለት።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ቦታው ከፍ ባለና በቀዘቀዘ ቁጥር ቀኑ ይለጠጣል። ጅማ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ጎጀብ ወይም ወደ ግልገል ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ግን ሙቀቱ ይጨምራል። ከፍ ያለው ቦታ ላይ የፍሬው መድረስ ብቻ ከ40 ቀን በላይ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ የድሮ ሩዝ የቀኑን ርዝመት ይቆጥራል፤ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው ለዛላ የሚነሳው። እንዲህ ያለውን ወር አዘግይታችሁ ብትዘሩት ዛላው ወር አይዘገይም፣ ከአምናው ቀን ብዙም ሳይርቅ ያወጣል። ስለዚህ "ከዘራሁ ስንት ቀን" ከሚለው ይልቅ "አምና ዛላው መቼ ወጣ" የሚለው ይበልጥ ይታመናል።

ለማንኛውም ስሌቱ ወደ ማሳ የምትወጡበትን ሳምንት ብቻ ነው የሚነግራችሁ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ምላጩ ነው፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ሲዘራ ምን ይሰጥ?

ዩሪያ አይሰጥ። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ብቻ በቂ ነው። መቶ ኪሎ ኤንፒኤስ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፣ 38 ፎስፌት እና 7 ድኝ ደግሞ በላዩ። ቡቃያው ለመነሳት ከዚህ በላይ ናይትሮጅን አይፈልግም። ለሩብ ሄክታር 25 ኪሎ፣ ማለትም የ50 ኪሎው ከረጢት ግማሽ ማለት ነው። በመስመር ከሆነ የምትዘሩት ማዳበሪያውን ከዘሩ ትንሽ አራርቁት፣ በቀጭን አፈር ለዩት።

ዩሪያን ከዘር ጋር አንድ ቦይ ውስጥ መጨመር ደግሞ ጭራሽ አይሞከር። ሲሟሟ የሚወጣው አሞኒያ ቡቃያውን ያቃጥላል።

ስለ ቡና ገለፈት አንድ ቃል። ጅማ ላይ ይህ ነገር ክምር ነው፣ በነፃም ይገኛል። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ከሆነ እሰየው፣ ቀደም ብላችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ያልበሰበሰ ገለፈት ወይም የሩዝ ገለባ ልክ ከመዝራታችሁ በፊት ብትቀብሩ ግን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ይወስዱትና ቡቃያችሁ ቢጫ ሆኖ ይቆማል። ከዚያ ትደናገጡና ዩሪያ ትበትናላችሁ። በኋላ ብስባሹ የያዘውን ሲለቅ ከእናንተ ዩሪያ ጋር ይደመርና ያው መጋሸብ ነው።

የፈተናው ጊዜ፦ ሐምሌና ነሐሴ

ከባዱ ይህ ነው፤ ምንም አለማድረግ። የጎረቤት አጭር ሩዝ ዩሪያውን በልቶ ጠቁሯል፣ የእናንተ ፈዘዝ ብሎ ቆሟል። የሚያልፈው ሰው "ማዳበሪያ አጣህ እንዴ?" ይላል። ዝም በሉት።

ፈዘዝ ማለት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አጎንብሳችሁ የትኛው ቅጠል እንደገረጣ እዩ። የታችኛውና ያረጀው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ላዩ አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅን ነው ያነሰው። ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ እየሰጠ ነው። ላዩ ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ከገረጣ ድኝ ሊሆን ይችላል፣ ኤንፒኤስ ሳትሰጡ ዩሪያ ብቻ ስትሰጡ የቆያችሁ ከሆነ በተለይ። በረግረጉ ማሳ ደግሞ የታችኛው ቅጠል ላይ ከጫፍ የሚጀምር ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ውሃውም ላይ የዛገ ቀለምና ዘይት የመሰለ ነገር ከተንሳፈፈ፣ የብረት መብዛት ነው። ለእሱ ዩሪያ መድኃኒት አይሆንም። ውሃውን ለጥቂት ቀናት አንጣፍፉለት፣ አፈሩ ይተንፍስ።

ሩዙ እውነት የታመመ እስኪመስል ገርጥቶ፣ ግንድም ማብዛት አቅቶት ከቆመስ? ያኔ ትንሽ ይሰጠዋል፣ ለሩብ ሄክታር ሦስት ወይም አራት ኪሎ ዩሪያ፣ ግንድ በሚያበዛበት መጀመሪያ ላይ፣ ከአረም በኋላ። ከሰጣችሁ ከኋለኛው ላይ ቀንሱ። እኔ ይህን ያደረግሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አሸዋ በበዛበት ጥግ ላይ።

በዚህ ጊዜ የሚያዋጣ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ከማሳው ጥግ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ከልሉና እሱ ላይ ብቻ ዩሪያ ቀድማችሁ ስጡ፤ አንድ እፍኝ ይበቃል። ያቺ ቁራጭ መስታወታችሁ ናት። ጳጉሜ ላይ ቀሪው ማሳ ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ከሆነ አፈራችሁ ራሱ እየመገበ ነው ማለት ነው፣ መጠኑን ትቀንሳላችሁ። ልዩነቱ ከሩቅ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሩዙ እውነት ርቦታል። ቁራጯ ብትጋሽብም ያው ዘጠኝ ካሬ ናት።

ምላጩ

ከስሌቱ ቀን ጀምሮ፣ በምሳሌያችን ከጳጉሜ መጨረሻ ጀምሮ፣ በየሦስት አራት ቀኑ ማሳ ግቡ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ አዲስ ምላጭ ነው። የደነዘዘ ቢላ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ ምንም አታዩም።

ከጠርዝ አትንቀሉ፣ የጠርዙ ተክል ፀሐይና ቦታ ስለሚያገኝ ከመሐሉ ይለያል። ወደ ውስጥ ገባ በሉና ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ነቅላ (ከአንድ ቦታ አብሮ የበቀለ የሩዝ እግር) ምረጡ። ከየነቅላው ረጅሙንና ወፍራሙን ዋና ግንድ ከነሥሩ አውጡ። ሥሩን ቁረጡ፣ ውጭ ያሉትን ቅጠሎች ላጡ። ከዚያ ግንዱን መዳፋችሁ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ነገር ላይ አጋድማችሁ ከታች ወደ ላይ ለሁለት ሰንጥቁት። መዳፌ ላይ ሞክሬ ጠባሳው አሁንም አለ።

ተሰንጥቆ ሲከፈት ከታች ተቀራርበው የተደረደሩ አንጓዎች ታያላችሁ። ከላይኛው አንጓ በላይ፣ የቅጠሎቹ ጥቅልል መሐል ጫፉ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ገና ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ አረንጓዴ ሹል ነገር ብቻ ነው፣ የሚቀጥለው ቅጠል ነው። ከጀመረ ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ላባ ጫፍ የተበጣጠሰ የምትመስል ጉብታ ትታያለች፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ። ያቺ ዛላ ናት። ዓይናችሁ ከደከመ ስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ አጉሉት፣ እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማየው።

ዛላው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በዓይን እስኪታይ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጳጉሜ 5 ላይ ባታዩ ስሌቱ ተሳሳተ አትበሉ። ለሰኔ 10ሩ ሩዝ መስከረም 7፣ 10 አካባቢ ጠብቁ። ከምትሰነጥቋቸው ግንዶች ግማሽ በላይ ላይ ከታየች ጊዜው ደርሷል።

ግን ደረሰ ማለት ዛሬውኑ ይበተን ማለት አይደለም። ያላችሁ ጊዜ ነጯ ጉብታ ከታየችበት አንስቶ አንድ ሴንቲ ሜትር እስክትሆን ድረስ ነው፣ አንድ ሳምንት ያህል። ግንዱ ደህና ወፍራም ከሆነ መጀመሪያው ላይ ስጡ። ከአምና ጀምሮ የመጋሸብ አመል ያለው ዘር ከሆነ ሴንቲ ሜትሩን ጠብቁ። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። ትንሽ የፍሬ ቁጥር ሊያስቀርብኝ እንደሚችል አውቃለሁ፣ የአንድ ዛላ የፍሬ ብዛት የሚወሰነው በእነዚህ ቀናት ስለሆነ። ቢሆንም የቆመ ሩዝ ነው የሚታጨደው።

ከመበተን በፊት የሚያስቀሩ ነገሮች

ቅጠሉ ላይ በሁለት ጫፍ የሾለ፣ መሐሉ ግራጫ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ቁስል ካያችሁ ብላስት የሚባለው የሩዝ በሽታ ነው። ናይትሮጅን ለእሱ ቅቤ ነው። እዚህም እዚያም ከሆነ የዩሪያውን መጠን በግማሽ ቀንሱ፣ ተስፋፍቶ ከሆነ ተዉት። ብላስት በኋላ ወደ ዛላው አንገት ከወጣ ፍሬው ሳይሞላ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ሩዙ ራሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቅጠሉ ከተንዘረፈፈም አትስጡ። ርቦት አይደለም።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ላላችሁ ሌላም አለ። ዛላው ከመውጣቱ አሥር አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ብርድ ካገኘው ወንዴው ዘር ይመክናል፣ ዛላው ባዶ ይሆናል። ናይትሮጅን የበዛበት ሩዝ ደግሞ በብርዱ ይበልጥ ይጎዳል። የጥቅምት ሌሊት በሚበርድበት ማሳ ላይ መጠኑን ዝቅ አድርጉ።

ስንት?

ለረጅሙ ሩዝ እኔ የምይዘው ጣሪያ በሄክታር 40 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፣ ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ። ለሩብ ሄክታር 10 ኪሎ ይሆናል። ዩሪያ ከመቶው 46 ናይትሮጅን ነው።

ሲዘራ የሰጣችሁት 25 ኪሎ ኤንፒኤስ 4.75 ኪሎ አምጥቷል። ከ10 ሲቀነስ 5.25 ይቀራል። 5.25 ለ0.46 ሲካፈል 11.4። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ ዛላ ላይ፣ 11 ኪሎ ከምናምን ዩሪያ። አለቀ። ፍግ በደንብ የገባበት ወይም ጎርፍ አዲስ ደለል የሚያመጣለት የወንዝ ዳር መሬት ከሆነ ወደ 6 ወይም 7 ኪሎ አውርዱት። መስታወቷ ቁራጭ ያሳየቻችሁም እዚህ ላይ ነው የሚቆጠረው።

አጭርና የተሻሻለ ዝርያ የያዛችሁ ይህን ስሌት አትጠቀሙ፣ እሱ ከዚህ የበለጠ ስለሚችል ያንስበታል። ለእሱ የቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ የሚነግራችሁን ተከተሉ።

ሚዛን ከሌላችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሂርማታ ገበያም ሆነ ከሰፈር ሱቅ በሚዛን አስመዝኑና የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ምልክት አድርጉ። አንድ ሊትር ዩሪያ 750 ግራም ገደማ ይመዝናል። 15 ሊትር ሞልቶ ትንሽ ካለፈ 11.4 ኪሎ ደረሰ ማለት ነው።

የሚበተንበት ቀን

መጀመሪያ አረሙ ይውጣ። አረም ባለበት መበተን ለአረም መግዛት ነው።

ሰዓቱ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን። እርጥብ ቅጠል ላይ የወደቀ ዩሪያ እዚያው ይጣበቅና ቅጠሉን ይጠብሰዋል። እኔ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ እመርጣለሁ፣ ሙቀቱም ቀነስ ስለሚል። ግን ሰማዩን እዩ። መስከረም ላይ ጅማ ከሰዓት ዝናብ ብርቅ አይደለም፣ ዶፍ ከመጣ ዩሪያችሁ ተሟሙቶ ከታችኛው ማሳ ገበሬ ዘንድ ይደርሳል። ከባድ ዝናብ ባለበት ሳምንት አንድ ሁለት ቀን መዘግየት ይሻላል፣ ለዚያ ነው ያላችሁ ጊዜ ሳምንት የሆነው።

ውሃ የሚያቆር ማሳ ከሆነ በጥልቅ ውሃ ላይ አትበትኑ። ውሃው ውስጥ ያለው አልጌ ቀን ቀን የውሃውን ጠባይ ይለውጠውና ዩሪያው አሞኒያ ሆኖ ይተናል። በቀላሉ ወደ አየር ነው የምትበትኑት። ውሃውን ልቀቁ፣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ይቅር፣ በትኑ፣ ከዚያ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ውሃውን ቀስ ብላችሁ መልሱ፤ ውሃው ዩሪያውን ይዞት ወደ አፈር ይወርዳል። መልቀቅ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እስኪቀር ጠብቁ፣ መውጫና መግቢያውን በጭቃ ድፈኑት። ጥሩው ነገር በዚህ ዕድሜ ላይ የሩዙ ሥር ከአፈሩ ገጽ ድረስ ስለሞላ የተሰጠውን ቶሎ ይጠጣል፣ ሐምሌ ላይ ከሚጠፋው ያነሰ ነው የሚጠፋው።

በዝናብ ብቻ የሚበቅል ደረቅ መሬት ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነው። ደረቅ ገጽ ላይ የተበተነ ዩሪያ ለመሟሟት የምትበቃ ጤዛ ብቻ ካገኘ ይተናል። አፈሩ ርጥብ ሲሆን በመስመሩ ጎን ጠብ አድርጉና በትንሽ መኮትኮቻ አፈር አልብሱት፣ ሁለት ሦስት ጣት ያህል። ሥሩን አትቁረጡ፣ በዚህ ጊዜ በጥልቅ መኮትኮት ያስጎዳል።

ሲበተን መጠኑን ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን ማሳውን በቁመቱ እየሄዳችሁ፣ ግማሹን በወርዱ እየሄዳችሁ በትኑ። አንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተበተነ ከሳምንት በኋላ ማሳው እንደ ሜዳ አህያ መስመር መስመር ይሆናል። እጃችሁ ደረቅ ይሁን፣ ዩሪያ እርጥበት ይስባል።

የተረፈውን ዩሪያ ከከብቱ በረት ውጭ፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከብት ዩሪያ ከላሰ ወይም ከረጢቱ የታጠበበትን ውሃ ከጠጣ ይሞታል፣ ያውም በፍጥነት። ጨው መስሎት ይልሰዋል።

ካመለጣችሁ

ልቅሶ ወጣ፣ ዝናብ ገፋችሁ፣ ዩሪያው ራሱ በሰዓቱ አልመጣም። የመጨረሻው እንኳን በየጊዜው ይደርስብናል። ግንዱ አርግዞ፣ ሆዱ ያበጠ እንደሆነ ገና ትንሽ ጊዜ አለ፤ የመጠኑን ግማሽ ስጡ። የፍሬ ቁጥር መጨመር አልፏል፣ ግን የተሠራው ፍሬ ሳይመክን እንዲሞላ ይረዳል። ዛላው ብቅ ካለ በኋላ ግን ከረጢቱን ዝጉት። ለከርሞ ይቆያል። ደረቅ ቦታ ላይ አፉን አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ዩሪያ ዓመት አይበላሽም፣ ቢጋገር እንኳ ቀጥቅጦ መጠቀም ይቻላል።

ደብተሩ

ከደብተር አንድ ገጽ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የተዘራበት ቀን፣ ነጯ ጉብታ መጀመሪያ የታየችበት ቀን፣ ዩሪያ የተሰጠበት ቀንና መጠን፣ ዛላው ከግማሽ በላይ የወጣበት ቀን፣ የጋሸበ ካለ መቼና ከየትኛው ጥግ፣ የታጨደበት ቀን። ስታጭዱ መሐል ላይ አንድ መስመር ዩሪያ ሳትሰጡ ትታችሁ ከነበረ ለብቻው ወቅታችሁ መዝኑት፣ ከአጠገቡ እኩል ስፋት ካለው ጋር አስተያዩት።

እኔ አምና የጻፍኩት ገጽ ላይ "መስከረም 14፣ 8 ኪሎ፣ አልጋሸበም" ይላል። ጎረቤቴ መጥተው አዩት፣ ደብተሩን ገለባበጡት፣ "8 እንኳ በዝቷል" ብለው ሄዱ። ዘንድሮ ለአንዱ ጎን 6 ልሞክር ነው።